መልስ፦ ገለልተኛ አገር ከተሸናፊው ጎን ብትሰለፍስ?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ገለልተኛ የነበረች አገር ጦርነቱ መሃል ላይ ገብታ ከተሸናፊው ጋር ብትቆም ምን ይገጥማታል ነው አይደል? ቡልጋሪያን እይ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ዳር ቆማ ነበር። ሁለቱም ወገን ያባብላታል። የእሷ ዓይን ግን በ1913 በሁለተኛው የባልካን ጦርነት ያመለጣት መቄዶንያ ላይ ነው። የተሻለ ቃል የገቡላት እነ ጀርመን ስለነበሩ በኦክቶበር 1915 ሰርቢያን ወጋች። ለጊዜው ሰመረላት፤ የተመኘችውን መሬት ያዘች። በሴፕቴምበር 1918 ግን ግንባሩ ተሰበረና እጅ ሰጠች። ንጉሥ ፈርዲናንድም ዘውዱን ለልጁ ለቦሪስ ትቶ ወጣ።

ሂሳቡ የመጣው በ1919፣ ፈረንሳይ ውስጥ በኑዪ ከአሸናፊዎቹ ጋር በፈረመችው የሰላም ውል ነው። ወደ ኤጂያን ባሕር መውጫዋ የነበረውን ምዕራብ ትሬስን ተነጠቀች። ሠራዊቷ ከ20,000 እንዳይበልጥ፣ የግዳጅ ውትድርናም እንዲቀር ተደረገ። ካሳው 2.25 ቢሊዮን የወርቅ ፍራንክ! ለትንሽ የገበሬ አገር ራስ የሚያዞር ገንዘብ ነው፤ ኋላ ላይ አብዛኛው ተቀነሰላት እንጂ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቂሙ ነው። ያንኑ መሬት አስመልሳለሁ ብላ በ1941 እንደገና ከጀርመን ጋር ገባች፤ እንደገናም ከተሸናፊዎቹ ጋር ቀረች።

ደግሞ ተሸናፊው ማን እንደሆነ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ሮማኒያ በ1916 ከእነ ፈረንሳይ ጎን በገባች በወራት ውስጥ ቡካሬስት ተያዘች። በ1918 ተገድዳ ሰላም ፈረመች። በምዕራቡ ግንባር ተኩስ ሊቆም አንድ ቀን ሲቀረው ግን ተመልሳ ገባች፤ በሃንጋሪ ሥር የነበረችውን ትራንሲልቫኒያንም ጠቅልላ ወሰደች።