«ትኬቱ የዳኛ እንኳ ካልከፈለ፣ የእኔን ደሞዝ ማን ይከፍላል?»

ከሜሪላንድ ለጻፍሽልን እህታችን፣

ደብዳቤሽን ለአንባቢ ባጭሩ ላስቀምጥ። ፔንሲልቬንያ ባለ ትንሽ የዲቪዥን ሦስት (ከሦስቱ የኮሌጅ ስፖርት እርከኖች የመጨረሻው) ኮሌጅ አካውንቲንግ አጥንተሽ በሜይ ትመረቂያለሽ። አራቱንም ዓመት በወንዶቹም በሴቶቹም የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከሜዳው ዳር ጠረጴዛ ተቀምጠሽ ስታትስቲክስ ይዘሻል፤ ሥራውንም ወደሽዋል። አሁን ሁለት ነገር ቀርቦልሻል። አንዱ በሌላ ትንሽ ኮሌጅ የአትሌቲክስ ክፍል «ግራጁዌት አሲስታንት» መሆን ነው፤ በዓመት 10,000 ዶላር አበል አለው፣ የማስተርስ ክፍያም ይቀርልሻል። ሁለተኛው ዋሽንግተን አካባቢ ባለ የሂሳብ ድርጅት በ62,000 ዶላር መቀጠር ነው። አባትሽ «ኳስ እያዩ መኖር ደግሞ ሥራ ነው?» ይላሉ። እናትሽ ነርሲንግ እንድትጀምሪ ይፈልጋሉ። የቤቱንም ዕዳ ከታላቅ ወንድምሽ ጋር እንድትከፍይ ይጠበቅብሻል። እንቅልፍ የነሳሽ ግን ሌላ ነው፦ «ጂሙ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው አይሞላም፤ በር ላይ የሚሰበሰበው የዳኞቹን እንኳ አይከፍልም። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ሥራ ይኖራል ወይ?»

ብዙውን ቦታ ለዚህ ጥያቄ እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም ወጣቶች በዚህ ሙያ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። ጂሙ ሞላ ሲባል ይገባሉ፣ ባዶ ነው ሲባል ይሸሻሉ። ሁለቱም የተሳሳተ ቦታ ማየት ነው።

ስለ በሩ ገንዘብ ልክ ነሽ። የዲቪዥን ሦስት ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን ቢበዛ 25 ጨዋታ ይጫወታል፤ በሜዳው የሚያደርገው ግማሹን ያህል ነው። ብዙ ቦታ ተማሪና ሠራተኛ በነፃ ይገባል። ከሁለት መቶው ሰማንያው ከፋይ ቢሆን፣ ትኬቱም 7 ዶላር ቢሆን፣ 560 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ሦስት ዳኞች፣ ሰዓት ያዥ፣ የሾት ክሎክ ሠራተኛ፣ መዝጋቢና የበር ሠራተኛ አሉ። ኳሱ ሳይነሣ ገንዘቡ አልቋል። ከላይም ቼክ አይወርድም። በየማርች የሚደረገው የዲቪዥን አንድ የቅርጫት ኳስ ውድድር የቴሌቪዥን ገንዘብ በቢሊዮን ቢቆጠርም፣ የኮሌጅ ስፖርትን ከሚያስተዳድረው ከኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ገቢ ለዲቪዥን ሦስት የተመደበው 3.18 በመቶ ነው። እሱም በአብዛኛው ለዲቪዥኑ ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች ይውላል እንጂ ኮሌጅሽ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ታዲያ ቡድኑን ማን ያኖረዋል? ተጫዋቾቹ ራሳቸው።

ዲቪዥን ሦስት ውስጥ በስፖርት ችሎታ ስኮላርሺፕ መስጠት ክልክል ነው። ልጁ በውጤቱ ወይም በቤተሰቡ ገቢ ቅናሽ ያገኛል፤ የቀረውን ቤተሰቡ ይከፍላል ወይም ይበደራል። አንድ አሰልጣኝ ዋናውንና የታዳጊውን ቡድን ደምሮ 30 ልጅ ይዟል እንበል። ከቅናሽ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ለትምህርት፣ ለዶርምና ለምግብ 20,000 ዶላር ቢያስገባ 600,000 ዶላር ነው። የቡድኑ ሙሉ ወጪ፣ ማለት የአሰልጣኞች ደሞዝ፣ አውቶቡስ፣ ሆቴል፣ ዳኛና ትጥቅ፣ 280,000 ቢሆን ኮሌጁ አተረፈ ማለት ነው። የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች ተመልካች የሌለውን ቡድን የማይዘጉት፣ እንዲያውም አዳዲስ ስፖርት የሚጨምሩት ለዚህ ነው። አሰልጣኙም ከማሸነፍ እኩል የሚጠየቀው «በዚህ ፎል ስንት አዲስ ልጅ ታመጣለህ?» ተብሎ ነው።

አንቺ ግን የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ ስሌቱ የት እንደሚያነክስ ማየት አለብሽ። በመጀመሪያ፣ ከ30ዎቹ ውስጥ ቡድኑ ባይኖርም ይመጡ የነበሩ ልጆች አሉ። አሥራ ሁለቱ እንደዚያ ቢሆኑ በኳሱ የመጣው ገንዘብ 360,000 ብቻ ነው፤ ትርፉ ወደ 80,000 ወረደ። ሁለተኛው የባሰው ነው፦ የማይሰለፍ ልጅ ይሄዳል። 12 አዲስ ተጫዋች አምጥቶ በሁለተኛው ዓመት 5 ብቻ የሚቀርለት አሰልጣኝ በሪፖርት ላይ ጎበዝ ይመስላል፤ ኮሌጁን ግን ያደማዋል፤ የሄዱትን ለመተካት በየዓመቱ አዲስ ቅናሽና አዲስ የምልመላ ጉዞ ያስፈልጋልና። ሦስተኛው፣ በብሮሹር ላይ የተጻፈው ዋጋ የሚያታልል ነው። የግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢ ተማሪ የሚሰጡት ቅናሽ በአማካይ ከዋጋው ግማሽ በላይ ደርሷል። 45,000 የሚል ጽፎ 18,000 የሚሰበስብ ብዙ ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽን አዙሪው። ጂሙን ተዪውና ኮሌጁን መርምሪ፤ ለዚህ ከአንድ ቅዳሜ በላይ አይፈልግም። መጀመሪያ የፌዴራሉ የትምህርት ዲፓርትመንት «ኢኩዊቲ ኢን አትሌቲክስ» ብሎ የሚያወጣውን መረጃ ክፈቺና የኮሌጁን ስም ፈልጊ። በየስፖርቱ የተጫዋች ብዛት፣ የጨዋታ ወጪ፣ ጠቅላላ ወጪና ገቢ ታገኛለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ትንንሽ ኮሌጆች ላይ ገቢና ወጪ እስከ መጨረሻዋ ዶላር እኩል ሆኖ ታይዋለሽ። ቡድኑ ራሱን ቻለ ማለት አይደለም፤ ኮሌጁ ከራሱ ካዝና የሞላው ገቢ ተብሎ ስለሚጻፍ ነው። የገቢውን አምድ ዝለይውና የተጫዋቹን ብዛት የሦስት ዓመት አወዳድሪ። ቀጥሎ የኮሌጁን ፎርም 990 (ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያቀርቡትን የሂሳብ ሪፖርት) አውጪ፤ ፕሮፐብሊካ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። አራት ዓመት በተከታታይ ወጪው ከገቢው ከበለጠ፣ ለጋሾች ያላሰሩት ንብረቱም እየቀነሰ ከሄደ፣ እዚያ ቤት አትግቢ። ከዚያ ዲፓርትመንቱ ለግል ኮሌጆች የሚሰጠውን የገንዘብ ጤንነት ነጥብ እዪ፤ ከ-1.0 እስከ 3.0 ነው፣ 1.5 እና ከዚያ በላይ አልፏል። በመጨረሻም የእውቅና ሰጪውን ተቋም ገጽ ክፈቺና ኮሌጁ ማስጠንቀቂያ ወይም ፕሮቤሽን ላይ መሆን አለመሆኑን አረጋግጪ።

ይህን አበክሬ የምለው ማሸነፍ እንደማያድን ስለታየ ነው። ኮሌጅሽ ባለበት ፔንሲልቬንያ፣ ራድነር የነበረው ካብሪኒ ዩኒቨርሲቲ በ2012 የዲቪዥን ሦስት የወንዶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ደርሶ በዊስኮንሲን ዋይትዋተር 63 ለ 60 ተሸነፈ። በ2024 ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተዘጋ። አላባማ ውስጥ የበርሚንግሃም ሳውዘርን ቤዝቦል ቡድን ለዲቪዥን ሦስቱ የፍጻሜ ውድድር ኦሃዮ ሄዶ ሳለ ኮሌጁ በዚያው ቀን፣ ሜይ 31 ቀን 2024፣ በሩን ዘጋ። የሁለቱም መከራ የመጣው ከስኮር ቦርድ ሳይሆን ከሂሳብ መዝገብ ነው።

«ዲቪዥን አንድ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ባገኝስ?» ብለሻል። የተሻለ ዋስትና የለውም። ትንሹ የኒው ጀርሲ ዩኒቨርሲቲ ፌርሌይ ዲከንሰን በ2023 የማርች ውድድር ትልቁን ፐርዱን 63 ለ 58 አሸንፎ አገር ጉድ ሲል አሰልጣኙ በቀናት ውስጥ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ አዮና፣ ሄደ። የሃርትፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የማርቹ ውድድር ላይ ደርሶ፣ በዚያው ዓመት ሜይ ወደ ዲቪዥን ሦስት ለመውረድ ወሰነ። የፔንሲልቬንያው ሴንት ፍራንሲስም በ2025 እንዲሁ አደረገ። ትልልቆቹ ለተጫዋቾቻቸው በጠቅላላ በዓመት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍሉ በተፈቀደበት ዘመን ትንንሾቹ እዚያ ለመቆየት የሚያወጡት እየከበደ ነው።

ባዶው ወንበር ምንም አይደለም ማለቴ እንዳይመስልሽ። ደጋፊ ዋጋ አለው፤ ዋጋው ግን በር ላይ አይሰበሰብም። ኢንዲያና ያለውን ቴይለር ዩኒቨርሲቲ ተመልከቺ። በዲሴምበር፣ ከፈተና ሳምንት በፊት ባለው ዓርብ፣ ተማሪው አስቂኝ አልባሳት ለብሶ ጂሙን ይሞላና ቡድኑ አሥረኛውን ነጥብ እስኪያስቆጥር ጸጥ ይላል። የጫማ ጩኸትና የአሰልጣኙ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አሥረኛዋ ነጥብ ስትገባ ጣሪያው ሊነሣ ይደርሳል፤ መጨረሻ ላይ ተቃቅፈው «ሳይለንት ናይት»ን ይዘምራሉ። ያ ቪዲዮ በየዓመቱ በመላ አገሪቱ ይዞራል። ያንን ያየ የ17 ዓመት ልጅ የኮሌጁን ስም አይረሳም፤ የተመረቀውም ለመስጠት እጁ ይፈታል። ሚሺጋን ውስጥ ሆፕና ካልቪን ሲገናኙ ደግሞ ስኮላርሺፕ የማያገኙ ልጆችን ለማየት ከ3,000 ሰው በላይ ይገባል፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠው።

የእናንተ ጂም ለምን አይሞላም? ከጻፍሽው ዝርዝር ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛ፣ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ዶርሙ ባዶ ነው፤ አራት የሜዳ ጨዋታችሁ ግን እዚያ ውስጥ ወድቋል። በዚያ ወር ተማሪ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የከተማውን የሕፃናት ሊግ ጋብዙ፣ በእረፍት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሜዳው ላይ ያጫውቷቸው። አንድ ሕፃን ሁለት ወላጅ ይዞ ይመጣል፤ ወላጅ ደግሞ ከፋይ ነው። ሁለተኛ፣ ሴቶቹ ሁልጊዜ ቀድመው፣ ወንዶቹ ተከትለው ስለሚጫወቱ ተማሪው እራት በልቶ ለሁለተኛው ብቻ ይደርሳል። ተራውን በየጨዋታው አቀያይሩት። እስክትመረቂ ድረስ አሰልጣኞቹን አስፈቅደሽ ሞክሪው፤ በፊትና በኋላ የገባውን ሰው ብዛት ጻፊ። ለቀጣይ ሥራ ፍለጋሽ ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል።

አሁን የቀረበልሽን አበል እንየው። 10,000ው ንጹሕ አይደለም። አሠሪ በዓመት ከግብር ነፃ ሊሰጥ የሚችለው የትምህርት ድጋፍ 5,250 ዶላር ነው። በማስተርስ ደረጃ ከዚያ የሚበልጠው ነፃ የሚሆነው ለሚያስተምሩና ለሚመራመሩ ረዳቶች ነው፤ የአትሌቲክስ ሥራ እዚያ ውስጥ አይገባም። የማትከፍዪው የማስተርስ ክፍያ 14,000 ቢሆን 8,750ው እንደ ደሞዝ ተቆጥሮ ግብሩ ከዚያችው አበል ይቆረጣል። በኦገስት ደስ ብሏቸው ገብተው በኦክቶበር የኪራይ የሚያጡ ልጆች ምክንያታቸው ይህ ነው። የፌዴራል ብድርሽም 27,000 ነው ብለሻል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ኮሌጅ ውስጥ በሙሉ ጊዜ ሠርተሽ 120 ክፍያ ስትፈጽሚ ቀሪው ይሰረዛል፤ በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ ረዳት ግን አይቆጠርለትም። አሰልጣኝነትን ካሰብሽም እወቂ፦ ዋና ሥራው ማስተማር የሆነ አሰልጣኝ በሕጉ እንደ መምህር ስለሚታይ የደሞዝ ወለልም የትርፍ ሰዓት ክፍያም አይጠብቀውም። በሂሳብና በአስተዳደር በኩል የገባ ሠራተኛን ግን ቢያንስ የደሞዝ ወለሉ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የሂሳብ ድርጅቱን ሥራ ያዢ፤ ግን እንደ ሽንፈት አይደለም። ከመፈረምሽ በፊት ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችንና ኮሌጆችን ኦዲት የሚያደርገው ክፍል እንዲመድቡሽ ጠይቂ። የግብር ክፍል ከገባሽ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ቀና አትዪም፤ የቅርጫት ኳሱ ወቅት ሁለተኛ አጋማሽም እዚያው ላይ ይወድቃል። ኮሌጆች ግን ሂሳባቸውን በአብዛኛው የሚዘጉት ጁን 30 ስለሆነ ኦዲታቸው የሚበረታው በሰመርና በፎል ነው። በቅርጫት ኳሱ ወቅት በአብዛኛው ማታ ማታ ነፃ ትሆኛለሽ። ካተሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋሎዴት፣ ሜሪማውንትና ሁድ ዲቪዥን ሦስት ናቸው፣ ቦዊ ስቴት ዲቪዥን ሁለት፤ ሁሉም በመኪና ይደረሳል። የስፖርት መረጃ ክፍላቸው ስታትስቲክስ የሚይዝ ሰው በጨዋታ ይቀጥራል፤ በላይቭስታትስ (የጨዋታ ስታትስቲክስ መመዝገቢያ ፕሮግራም) ያለሽን ልምድ ጠቅሰሽ በሴፕቴምበር ጻፊላቸው። አራቱን የሲ.ፒ.ኤ. (የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ) ፈተናዎች በዚያው ጀምሪ። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ የአትሌቲክስ ክፍል የሂሳብና የአስተዳደር ረዳት ዳይሬክተር የሚል ማስታወቂያ ስታዪ፣ በየቡድኑ የሚገባውን ንጹሕ የትምህርት ክፍያ አስልቶ ለፕሬዚዳንቱ ማቅረብ የሚችል ተወዳዳሪ ብዙ አይኖርም።

ወደ ቤተሰብ ልምጣ። አባትሽ በአበሉ ላይ ትክክል ናቸው፣ በሥራው ላይ ግን ተሳስተዋል። በጁላይ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የሚያዘጋጀውን ሳምንት አይተው ከሆነ፣ ሜዳ መከራየት፣ ድንኳን ማከራየት፣ ስፖንሰር መያዝና የተሸጠን ትኬት ከተሰበሰበው ገንዘብ ጋር ማመሳከር ኳስ ማየት እንዳልሆነ ይገባቸዋል። ነርሲንጉን እርሺው፤ በማትወጂው ሥራ ላይ ሁለተኛ ዲግሪና ሁለተኛ ዕዳ መጨመር ለቤቱም አይጠቅምም። ዕዳውን በተመለከተ ደፍሬ እናገራለሁ፦ ቤቱን ሲገዙ አልተጠየቅሽም፣ ስምሽም ውሉ ላይ የለም። መርዳት ተገቢ ነው፤ ግን መጠኑና ማብቂያው ቀን ይታወቅ። ለምሳሌ በወር 500 ዶላር ለ24 ወር በዪ፣ ለወንድምሽም ለወላጆችሽም በአንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ንገሪያቸው። «እንደቻልሽ» የሚባለው ስምምነት ሁልጊዜ የሚያድገው ወደ ላይ ነው።

ስለ እሁድ ቅዳሴም ጠይቀሻል፤ የዲቪዥን ሦስት ጨዋታ በብዛት በሳምንቱ መሃልና ቅዳሜ ነው፣ የኮንፈረንሱን ካላንደር አስቀድመሽ እዪ። በወንዶች ቡድን ቤንች አጠገብ ሴት መሆን ያስቸግር እንደሆነ ደግሞ አራት ዓመት ሠርተሽ ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ።

ለኮሌጁ መልስ የምትሰጪው ኤፕሪል 15 ነው ብለሻል። እስከዚያ ሦስት ነገር በኢሜል ጠይቂያቸው፦ የማስተርስ ክፍያው ነፃ የሚሆነው በየትኛው ትምህርት ነው፣ ከ5,250 በላይ ያለው ግብር ይቆረጥበታል ወይ፣ ካለፉት ሦስት ግራጁዌት አሲስታንቶች ዛሬ ስንቶቹ በሙሉ ጊዜ ተቀጥረዋል። ትምህርቱ ኤም.ቢ.ኤ. ወይም አካውንቲንግ ሆኖ፣ የኮሌጁም ሂሳብ ከላይ ባልኩሽ መንገድ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሐሳቤን እንደገና ለማየት ዝግጁ ነኝ። ፎርም 990ውንና መልሳቸውን ላኪልኝ።