የመስከረም ምሽቶች፦ ስለ ፎል ሲዝን ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። «አሜሪካ ከገባሁ 8 ወር ሆኖኛል። ከኦገስት ጀምሮ የሥራ ባልደረቦቼ ወሬ ሁሉ ፎል ሲዝን ሆኗል። ምንድን ነው? ኔትፍሊክስ ሁሉንም በአንዴ እየሰጠ በሳምንት አንድ ክፍል መጠበቅ ምን ይባላል? ኬብል የለኝም፤ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁለት ሰዎች «ጊዜሽን አታባክኚ» ብለውሻል። እኔ ግን 20 ዓመት ሙሉ መስከረምን በጉጉት የጠበቅኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ዘንድሮ፣ በ2024፣ ደግሞ ደስታዬ ከወትሮው በልጧል፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ፎል ሲዝን ማለት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አዲሱን የድራማ ዓመት የሚጀምሩበት ወቅት ነው። በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። አንዳንዱ ሰው «የበልግ ፕሮግራም» እያለ ይተረጉመዋል፤ እኛ ዘንድ ግን በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው። ፎል የሚገጥመው ከመጸው ጋር ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ። እኔን ሁሌም ደስ የሚለኝ፣ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዓመት የሚለወጠው በጃንዩዋሪ ሳይሆን በሴፕቴምበር መሆኑ ነው፤ እንደ እኛ ዘመን መለወጫ። ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ፎክስ የሚባሉት አራት ትልልቅ ጣቢያዎች አዲሶቹን ድራማዎች የሚያወጡት፣ የቆዩትንም የሚመልሱት በእንቁጣጣሽና በመስቀል አካባቢ ጀምረው ነው። ከዚያ እስከ ሜይ ይዘልቃሉ።

ለምን በዚህ ወቅት ሆነ ላልሽው፣ ነገሩ ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው። በሬዲዮ ዘመን ሰመር ሲመጣ ሰው ውጭ ውጭውን ስለሚል አድማጭ ይቀንስ ነበር፤ ታዋቂዎቹ አቅራቢዎች እረፍት ወጥተው አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይመለሳሉ። ቴሌቪዥንም ልማዱን ወረሰ። በዚያ ላይ የመኪና ፋብሪካዎች አዲሱን ሞዴል የሚያወጡት በፎል ስለነበር ማስታወቂያቸውን ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ማሳየት ይፈልጉ ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ቀኑ ያጥራል፣ ቤተሰቡም በጊዜ ቤት ይገባል። ዛሬም ጣቢያዎቹ በየዓመቱ ሜይ ላይ አስተዋዋቂዎችን ኒው ዮርክ ሰብስበው የሚመጣውን ዓመት ፕሮግራም ያሳያሉ። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን የማወጣው ያን ሳምንት ነው። ድሮ ቲቪ ጋይድ የሚባለው መጽሔት ለፎል የሚያወጣውን ልዩ ዕትም ከሱፐርማርኬት ገንዘብ መክፈያው ጋ እገዛና እያንዳንዱን ምሽት በእስክሪብቶ እያከበብኩ አድር ነበር። ያ ዕትም ከ1953 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ሰው ሲጓጓ የቆየው ዛሬ አይደለም።

አሁን ለምን እንደምወደው ልንገርሽ። በዲቪ የገባሁት በ2004 ኦገስት ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ የአጎቴ ልጅ ቤት። ብዙም ሳልቆይ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራው አልከበደኝም፤ የከበደኝ የምሳ ሰዓት ነበር። አራት ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ ሦስቱ ያወራሉ፣ እኔ አቀርቅሬ እበላለሁ። እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ አይደለም። የሚያወሩትን ሰው አላውቀው፣ ቦታውን አላውቀው፣ ምን ብዬ ልግባ?

ሴፕቴምበር 22፣ ረቡዕ ማታ፣ የአጎቴ ልጅ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ብቻዬን ነበርኩ። ቻናል 7 ላይ ሎስት የሚባል አዲስ ድራማ ጀመረ። አውሮፕላን ተከስክሶ የተረፉት ሰዎች አንድ ደሴት ላይ ናቸው። ከስር የሚወጣውን ጽሑፍ ከፍቼ እየተከተልኩ አየሁት። ሲመሽ ከጫካው ውስጥ አንድ ነገር ያጓራል፣ ዛፎቹ ይናወጣሉ፤ ምንነቱ ግን አይታይም። በኋላ አብራሪውን በመስኮቱ መንጭቆ ወሰደው። ያን ሌሊት መብራት ሳላጠፋ ተኛሁ።

በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው ጥቁር አሜሪካዊት «ትናንት ያንን ነገር ያየ አለ?» አለች። «እኔ አይቻለሁ» አልኳት። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ምን መሰለሽ?» አለችኝ። «አውሬ አይመስለኝም። አውሬ ቢሆን ከሁሉም መርጦ አብራሪውን ለምን ይወስዳል?» አልኩ። ከሥራና ከሰላምታ ውጭ ለእነዚያ ሴቶች የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ማለቂያ ተከራከርን። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ቦታ ይዘው ይጠብቁኝ ጀመር፤ እኔም ልናገረው ያሰብኩትን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ መሄድ ጀመርኩ።

የኔትፍሊክሱን ጥያቄሽን የምመልሰው በዚህ ነው። አንድ ድራማ ሙሉውን በአንዴ ሲለቀቅ አንቺ ክፍል 2 ላይ ነሽ፣ ባልደረባሽ ክፍል 7 ላይ፣ ሌላው ጨርሷል። ማንም ለማንም አፉን መክፈት አይችልም፤ «እንዳትነግሪኝ!» ብቻ ነው። በየሳምንቱ የሚመጣው ግን ሁላችሁንም እኩል ያቆማችኋል። በመካከል ያለው ሳምንት ባዶ ጊዜ እንዳይመስልሽ፤ ግምቱ፣ ክርክሩ፣ «እኔ ብያችሁ ነበር» ማለቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አገር ቤት ሰው ለሰው በኢቲቪ ይታይ በነበረበት ጊዜ እናቴ ስደውልላት «አሁን ሊጀምር ነው፣ ቆይተሽ ደውይ» ትለኝ ነበር፤ በማግስቱ ቡና ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ያንኑ ሲተነትን ይውላል። ነገሩ አንድ ነው።

ወደ አሠራሩ ልምጣ። ኬብል አያስፈልግሽም። እኔ ለአንድ የኬብል ኩባንያ ዓመታት ሙሉ በየወሩ ስከፍል ኖሬ፣ የማየው አራት ጣቢያ ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አራቱም በአየር ላይ በነፃ ይመጣሉ። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ላለነው ቻናል 4 ኤንቢሲ፣ 5 ፎክስ፣ 7 ኤቢሲ፣ 9 ሲቢኤስ ነው። የቤት ውስጥ አንቴና እኔ በ25 ዶላር ገዛሁ፤ መስኮት ላይ ለጥፊው፣ ቴሌቪዥኑን ቻናል እንዲፈልግ እዘዢው፣ አለቀ። ሥርጭቱ በጁን 12፣ 2009 ወደ ዲጂታል ስለተቀየረ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። የሌሊት ፈረቃ ከሆንሽ ደግሞ በማግስቱ በኢንተርኔት የኤቢሲና የፎክስ «ሁሉ» (Hulu) የሚባለው ላይ፣ የኤንቢሲ ፒኮክ ላይ፣ የሲቢኤስ ፓራማውንት ፕላስ ላይ ይገኛል። በሳምንቱ ውስጥ ብታዪው ጥሩ ነው፤ የተመልካች ቁጥር የሚይዘው ኒልሰን እስከ 7 ቀን ድረስ ዘግይቶ የታየውንም የሚቆጥርበት ስሌት አለው።

ዋናው ሰዓት ከምሽቱ 2 እስከ 5 ነው። እዚህ 8 ፒኤም ሲሉ የእኛ 2 መሆኑን መቼም ለምደሽዋል። ፎክስ 4 ሰዓት ላይ ወደ ዜና ይገባል። እሑድ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ግን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሲረዝም የሲቢኤስ ድራማ ወደ ኋላ ስለሚገፋ እሑድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከስር የሚወጣውን ጽሑፍ ሁልጊዜ ክፈቺው። ከ1993 አጋማሽ ጀምሮ እዚህ አገር ለገበያ የተሠራ ባለ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ ቴሌቪዥን ሁሉ ጽሑፉን እንዲያሳይ ሕግ ያስገድዳል፤ እኔን እንግሊዝኛ ያስተማረኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው ሲናደድ፣ ሲለማመጥ፣ ሲያሾፍ የሚናገረው ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ የለም።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፦ ድራማሽ በዲሴምበር ድንገት ይጠፋል። አትደንግጪ፣ አልተቋረጠም። ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ሜይ ወደ 35 ሳምንት ነው፣ የአንድ ዓመት ሙሉ ሲዝን ደግሞ 22 ክፍል ገደማ። የቀረው 13 ሳምንት በድግግሞሽና በበዓል ፕሮግራም ይሸፈናል። በኖቬምበርና በፌብሩዋሪ ግን የተመልካች ቁጥር ለማስታወቂያ ዋጋ ስለሚፈለግ ትልልቁን ነገር ያኔ ያወጡታል። ሠርጉም፣ ሞቱም፣ ፍንዳታውም ያኔ ነው።

መቋረጥም አለ፤ ይህን አልደብቅሽም። በተለመደው አሠራር ጣቢያው መጀመሪያ 13 ክፍል ያዛል፣ ሰው ከወደደው 9 ይጨምርና 22 ይሞላል፤ ካልወደደው በዚያው ይቀራል። እኔ ሦስት ጊዜ የወደድኩት ድራማ ታሪኩ ሳይቋጭ ቀርቶብኛል። አንዱን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ፤ ልጅቷ በሩን ከፈተች፣ ማን እንደቆመ ሳናይ ቀረን። ቢሆንም ያንን ፈርቶ አለመጀመር ልክ አይመስለኝም። ለአዲስ ድራማ ሦስት ክፍል ስጪው። የመጀመሪያው ሰዎቹን በማስተዋወቅ ይጣደፋል፤ መልኩ የሚታየው ሦስተኛው ላይ ነው።

ዘንድሮ፣ በ2024፣ ለምን እንዲህ ጓጓሁ? አምና ፎል አልነበረንም። በ2023 የድራማዎቹ ጸሐፊዎች 148 ቀን፣ ተዋናዮቹ 118 ቀን ሥራ አቁመው ስለነበር ሴፕቴምበር ሲመጣ ጣቢያዎቹ ላይ የነበረው በአብዛኛው የውድድር ፕሮግራምና ድግግሞሽ ነው። የሠራተኞቹ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ግን መስከረሙ ጭር አለብኝ። ድራማዎቹ የተመለሱት ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ነው፣ ብዙዎቹም 10ና 13 ክፍል ብቻ ሆነው። ስለዚህ ይህ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሙሉ ፎል ነው።

አንቺ የምትጀምሪውን ነገር እኔ መርጬልሻለሁ። ሴፕቴምበር 17፣ 2024፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ቻናል 7፦ ሃይ ፖቴንሻል። ከፈረንሳይ ድራማ የተወሰደ ነው። ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት በሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ታጸዳለች፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የወንጀል መረጃ አይታ መርማሪዎቹ የሳቱትን ታርማለች። አእምሮዋ የተለየ ነው፣ ግን እስከዚያ ቀን ዞር ብሎ ያያት የለም። በዚህ ከተማ ዲግሪ ይዘን ሌሊት ቢሮ ያጸዳን ስንት ነን? ይህን ታሪክ ማስታወቂያው ላይ ሳየው እንባዬ መጣ።

እሑድ ሴፕቴምበር 22 ደግሞ ሲቢኤስ ማትሎክ የሚባለውን የጠበቆች ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳያል፤ ከዚያ ከኦክቶበር 17 ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ይሆናል። የ76 ዓመቷ ካቲ ቤትስ ናት መሪ ተዋናይዋ። በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት ዋናውን ቦታ የሚሰጥ ድራማ ብዙ ስለማይገኝ ብቻውን ለእኔ በቂ ምክንያት ነው። ከኦክቶበር 18 ጀምሮ ዓርብ ማታ የብሉ ብለድስ የመጨረሻ ክፍሎች ይመጣሉ፤ ከ2010 ጀምሮ የነበረ የፖሊስ ቤተሰብ ታሪክ ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በነበረ ጊዜ እንግሊዝኛ ሳትሰማ አብራኝ ታየው ነበር፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አንድ ማዕድ ከበው፣ ጸሎት አድርሰው ሲበሉ «እንዲህ ነው ቤት» ትል ነበር። እሱን ስሰናበት ከባድ ይሆንብኛል።

የእኛን ሰው ደግሞ ልብ ብለሽ ተመልከቺ። በ2013 ፎል ኤቢሲ ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ የተባለውን ሲጀምር፣ በአምስተኛው ክፍል አበባ ያለው ቀሚስ ለብሳ ብቅ ያለችው ሩት ነጋ አዲስ አበባ የተወለደች ናት። ያን ማታ ያልደወልኩለት ዘመድ የለም።

ሐሙስ ሴፕቴምበር 26 የግሬይስ አናቶሚ፣ የሐኪሞቹ ድራማ፣ 21ኛ ሲዝን ይጀምራል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ቀኑ የመስቀል ዋዜማ፣ ደመራ ስለሆነ እኔ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፤ ደመራው ተለኩሶ፣ ዘፈኑ አልቆ ቤት የምገባው ለዚያው ሰዓት ነው። ኖቬምበር 5 የምርጫ ቀን ስለሆነ ያን ማክሰኞ ድራማ አትጠብቂ።

ያቺ በዕድሜ የምትበልጠን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረባዬ አሁን ጡረታ ወጥታ ሪችመንድ ናት። ዛሬም በየኦገስቱ ትደውልና «ዘንድሮ ምን እናያለን?» ትለኛለች። ማክሰኞ 17 ላይ ተስማምተናል፤ ልክ ምሽት 5 ሰዓት ሲል ስልኬ ይጠራል። ከእሷ ጋር አውርቼ እንደጨረስኩ እዚህ ገጽ ላይ እገባለሁ፤ ያየሽውን ጻፊልኝ።