ላንድክሩዘር 75 ላይ ለሚሰማ ድምፅ፦ ዲፈረንሻል ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። የ1996 ሞዴል ላንድክሩዘር 75 ይዘህ ጂንካ አካባቢ እንደምትሠራ፣ ከ60 እስከ 80 ላይ ከኋላ «ዉዉዉ» እንደሚል፣ ስትነሳ ደግሞ ከሥር «ጓ» እንደሚል፣ ጋራዡም ሳይነዳው «ዲፈረንሻል (ኃይልን ለጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ይቀየር» እንዳለህ ጽፈሃል። አትቸኩል። ያለህ ሁለት ድምፅ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ላይመጡ ይችላሉ። መኪናውን ሳይነዳ ዲፈረንሻል ነው ብሎ የሚፈርድ መካኒክ ገና ምርመራ አልጀመረም። የዚህ መኪና ዲፈረንሻል ዘይት ካልጎደለበት፣ ውሃ ካልገባበትና ያልሆነ እጅ ካልነካው በቀላሉ የሚሞት ዕቃ አይደለም።

1. መጀመሪያ ድምፁን ለይ። ጭር ባለ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ 80 ስትደርስ ማርሹን ወደ ኒውትራል አውጣና መኪናው በራሱ ይንከባለል። ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ሞተርና ፍሪሲዮን የሉበትም። ቀጥሎ በማርሽ ሆነህ ነዳጅ ስጥ፣ ልቀቅ። ስትሰጥ እየጮኸ ስትለቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ክራውንና ፒንየን (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትልቁና ትንሹ ባለጥርስ) ወይም የፒንየን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ላይ ነው። ብትሰጥም ብትለቅም ያው ሆኖ፣ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ስትወስድ የሚብስ ከሆነ ግን የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚጫን። ወደ ቀኝ ስትወስድ ከባሰ ደግሞ የግራው። አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁም አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ጎማውን ተመልከት። ጠጠር ላይ የከረመ ጎማ እንደ መጋዝ ጥርስ ተበልቶ ልክ እንደ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። የኋላውን ወደ ፊት አዛውረህ ንዳ፤ ድምፁም ወደ ፊት ከመጣ ገንዘብህ ተረፈ።

ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) በጆሮ ይለያል። አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ስለሆነ ኃይሉ በታችኛው ዘንግ አያልፍም። በሌሎቹ ማርሾች እየጮኸ አራተኛ ላይ ዝም ካለ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ቆመህ በኒውትራል ፍሪሲዮን ስትለቅ ተሰምቶ ስትረግጥ የሚጠፋ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ስትረግጥ የሚጀምር ደግሞ ሪሊዝ ቤሪንግ (ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ)።

2. «ጓ» የሚለውን ከፕሮፔለር ሻፍት (ኃይልን ወደ ዲፈረንሻል ከሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) ጀምር። ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ፣ ማርሹን ኒውትራል አድርግ፣ ከሥር ገብተህ ሻፍቱን በሁለት እጅህ ወደ ግራና ቀኝ ጠምዝዝ። ዓይንህ ክሮቸራው (በሻፍቱ ጫፍ ያለው የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ) ላይ ይሁን። በክሮቸራውና በያዘው ሹካ መካከል ትንሽም እንቅስቃሴ ካየህ አልቋል። በቆቡ ዙሪያ እንደ በርበሬ የቀላ ዱቄት ካለ ውስጡ ደርቆ ዝጓል ማለት ነው። ደህና ከሆነ ግሪስ አስገባ፤ አሮጌው ግሪስ በአራቱም ቆብ በኩል እስኪወጣ ድረስ። በሦስቱ ወጥቶ በአንዱ ካልወጣ ያ ቆብ ደረቅ ነው፤ ክሮቸራውን የሚገድለው እሱ ነው።

የሚንሸራተተው ጥርስ (ሻፍቱ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያደርገው) ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ስትነሳ «ጓ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህ ጥርስ ደርቆ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ግሪስ መጫን ይበቃዋል። ሻፍቱ መርዘም ሲጀምር ወዲያው አቁም። ከሞላ ግሪሱ የሚሄድበት ስለሚያጣ ባሌስትራው ሲታመቅ ሻፍቱ ማጠር አይችልም፤ ጫናውን የዲፈረንሻሉና የትራንስፈሩ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) ኩሽኔታ ይቀበላሉ። እጥበት ቤት እስኪፈስ የሚሞሉት ሰዎች መኪናህን የጠቀሙ እየመሰላቸው ይጎዱታል። ሻፍቱን የምትፈታ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ጫፍ ላይና ጥርሱ መጋጠሚያ ላይ ምልክት አድርግ፤ አንድ ጥርስ ተሳስቶ ከገባ ሌላ ንዝረት ትገዛለህ።

ሦስተኛውን በቁጥር አላልፈውም፤ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዲፈረንሻሉ ከፊቱ ዘይት አንጠባጥቦ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን) አስቀይረሃል? ካስቀየርክ የፒንየኑን ዳዶ በምን እንዳጠበቁት ጠይቅ። ብዙዎቹ ዲፈረንሻሎች ውስጥ በሁለቱ የፒንየን ኩሽኔታዎች መካከል ስስ ቱቦ አለ። ዳዶው ሲጠብቅ ቱቦው በልኩ ተጨፍልቆ ኩሽኔታዎቹን በትክክለኛ ጫና ይይዛል። አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ኋላ አይመለስም። በአየር መፍቻ «ትርርር» አድርጎ ያጠበቀ ሰው ቱቦውን ከልክ በላይ ይጨፈልቀዋል፤ ሲሉ አይፈስም፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል፣ ኩሽኔታው ግን እየጋለ መበላት ይጀምራል። ከጊዜ በኋላ ሲጮህ ያው ጋራዥ ዲፈረንሻል ግዛ ይላል። ይህ በጣም ያናድዳል፤ በአንድ ምልክት የሚቀር ጥፋት ነውና።

ትክክለኛው አሠራር ይኸውልህ። ከመፍታት በፊት ዳዶው፣ የፒንየኑ ጫፍና ፍላንጁ (ሻፍቱ የሚታሰርበት) ላይ በፑንቶ ምልክት ምታ፤ ከዳዶው ውጪ የሚታየውን ጥርስ ቁጠር። ሲሉን ቀይር፤ ከዚያ ዳዶውን በእጅ መፍቻ እዚያው ምልክት ላይ መልስ፤ አትለፈው። የዳዶውን ከንፈር ወደ ፒንየኑ ጎድጓዳ መትተህ ቆልፈው። ለመመርመር ደግሞ ፕሮፔለር ሻፍቱን ፈትተህ ፍላንጁን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ነቅንቅ። በዚህ በኩል ምንም መነቃነቅ ሊኖር አይገባም። በዙሪያው ትንሽ መላወስ ግን ጤነኛ ነው፤ ክራውኑ ላይ በመለኪያ ሲታይ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ነው።

ዘይቱን ስታይ ሁልጊዜ መሙያውን ቡሎን ቀድመህ ፍታ። አፍስሰህ መሙያው እምቢ ካለ መኪናው እዚያው ይቀራል። በጣትህ ስታሸው ልስልስ ያለ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ የሚቧጥጥ ቅርፊት ከተሰማህ ያን ጊዜ መክፈት ተገቢ ነው። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ አክሱሉ አናት ላይ ያለውን መተንፈሻ አጽዳ። ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና መተንፈሻው ሲደፈን ሲል በሲል ላይ ይፈነዳበታል። የካምቢዮና የትራንስፈር ዘይትንም አብረህ ለካ። በመካከላቸው ያለው ሲል ሲያልቅ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል፤ አንዱ ሞልቶ ሌላው ጎድሎ ታገኛለህ፤ የጎደለውም ይጮሃል።

የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሆኖ ከተገኘ 54 ቁጥር ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ) ያለው ሰው ፈልግ። ዳዶውን በመሮና በመዶሻ የሚመታው ሰው ጫናውን መለካት አይችልም፤ በዚያ ላይ የዳዶው ስባሪ ወደ አዲሱ ኩሽኔታ ይገባል። ቀለበቱን (የኩሽኔታውን የውጪ ክፍል) ከነኮኑ (ከውስጡ ክፍል) ቀይር፤ ኮኑን ብቻ ለውጦ አሮጌውን ቀለበት መተው ገንዘብ መጣል ነው። አሮጌውን ኩሽኔታ ይዘህ ሂድና የተቀረጸበትን ቁጥር አስተያይ፤ ካርቶን አትመን።

ሁሉም ታይቶ ዲፈረንሻሉ ራሱ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ስታይ ጥርሱን ሳትቆጥር እንዳትከፍል። ክራውኑ 37፣ ፒንየኑ 9 ከሆነ 4.11 ነው። የፊትህም ያው መሆን አለበት። ካልሆነ አራት በአራት ባስገባህ ቁጥር ፊትና ኋላው ይታገላሉ፤ ትራንስፈሩም ይከተላል። ክራውንና ፒንየን አብረው የተፋተጉ ጥንድ ናቸውና ከሁለት ዲፈረንሻል አንድ አንድ ወስዶ የሚገጥምልህን ሰው እሺ አትበለው።

አሁን ሦስት ነገር ፈትሽና እዚሁ ጻፍልን፦ ኒውትራል ላይ ድምፁ ምን ሆነ፣ ነዳጅ ስትለቅ ተለወጠ ወይ፣ የፒንየን ሲሉ ተነክቶ ያውቃል ወይ። እስከዚያው ለጋራዡ ቀብድ አትስጥ።