ስለ ድሮ ሶል ሙዚቃና ስለ ሎስለስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ሞታውንና ስታክስ (የአሜሪካ የሶል ሙዚቃ አሳታሚዎች ናቸው) ስሰማ የማመሽ ሰው ነኝ፣ የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሎስለስ ምንድነው?
መልስ፦ ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ጆሮ አያስተውለውም ያለውን ቆርጦ ይጥላል። ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን ያሳንሰዋል እንጂ ምንም አይጥልም፣ ሎስለስ ማለትም ይሄ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ የ320 ኪሎቢት (በሴኮንድ የሚያልፈው የዳታ መጠን ነው) ኤምፒስሪን ከፍላክ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። በ128 ከሆነ ግን ጸናጽሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ጥያቄ፦ የምሰማው በብሉቱዝ ኢርፎን ነው፣ ችግር አለው?
መልስ፦ ችግርስ የለውም፣ ግን ሎስለስ እየሰማሽ አይደለም እህቴ። ተራ ብሉቱዝ እንደገና ቆራርጦ ነው የሚልከው። ባለ ሽቦ ግዢ።

ጥያቄ፦ ለ24 ቢት ተጨማሪ ልክፈል?
መልስ፦ ተወው ባክህ። ቢቱ ሲጨምር ድምፁ ይበልጥ በረቀቀ መለኪያ ይቀዳል፣ ግን የሲዲው 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ (በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ) ይበቃሃል። የፈረንጆቹ 1960ዎቹ ቴፕ የራሱ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለው፣ ትርፉ ቢት የሚይዝልህ ያንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ላይ ላተኩር?
መልስ፦ ቅጂው ላይ! ሞታውን በዚያን ጊዜ ዘፈኖቹን ሚክስ የሚያደርገው በመኪና ሬዲዮ እንዲያምሩ ስለነበር ዋናው ትኩረቱ ሞኖ (ሁሉም ድምፅ ባንድ ላይ የሚወጣበት) ነበር፣ አንዳንዱ የስቴሪዮ ቅጂ ደግሞ ከበሮውን አንድ ጆሮህ ላይ ዘፋኙን ሌላው ላይ አስቀምጦ ነገሩን ይበትነዋል። ሞኖውን ፈልግ። ከዚያ የሞታውኑን ቤዝ ጊታር ተጫዋች የጄምስ ጀመርሰንን ቤዝ ብቻ ተከታተል፤ ሰውየው ክሩን የሚመታው በአንድ ጣት ነበር፣ ካልተበጠሰ በቀር ክር መቀየርም አይወድም፣ ያ ድፍን ያለ ድምፅ የመጣውም ከዚያ ነው። ድምፁን እስከ ጣራ ያስጮኹት ሪማስተር (እንደገና የተስተካከለ ቅጂ) ከገጠመህ ግን ፍላክ ቢሆንም የከበሮው ምት ተጨፍልቆ ነው የሚደርስህ።

ጥያቄ፦ ስታክስስ?
መልስ፦ ስቱዲዮው ሜምፊስ ውስጥ የድሮ ሲኒማ ቤት ነበር፣ ወለሉ እንኳ እንዳዘቀዘቀ ነው የቀረው። የስታክሱን ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግን ክፈቱና ጥሩምባዎቹ ሲያቆሙ ድምፁ ሰፊው ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ስሙ።

ጥያቄ፦ ዳታ አይጨርስም?
መልስ፦ ይበላል እንጂ! 4 ደቂቃ ዘፈን በሲዲ ጥራት ፍላክ 25 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ320 ግን 10 አይሞላም። ዋይፋይ ስታገኝ አውርድ። አፕል ሙዚክ ከፈረንጆቹ 2021 ጀምሮ ሎስለስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል፣ ሴቲንግ ገብተህ ማብራትህን ብቻ አትርሳ።

ጥያቄ፦ የአለማየሁ እሸቴን ኤምፒስሪ ወደ ፍላክ ብቀይረውስ?
መልስ፦ የተጣለው ተጥሏል ወንድሜ፣ የሚወፍረው ፋይሉ ብቻ ነው። ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ሲዲ 9ኛው ቅጽ የእሱ ነው። እሱን ፈልገህ ከሲዲው በቀጥታ ወደ ፍላክ ገልብጠው።