የመንግሥት ሥራና የዱር እንስሳት ፍቅር አብረው ይሄዳሉ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። መሐል ሜዳ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተመድበሻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ወፍና አውሬ መከታተል ትወጃለሽ። አሁን የጨነቀሽ ሥራውን ልልቀቅ ወይስ ፍቅሬን ልተው የሚለው ነው። አንዱንም አትተዪ። እኔ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከአንኮበር ገደል እስከ ጀማ ሸለቆ ያየሁትን አብዛኛውን ያየሁት ለሥራ ስወጣ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ማንም የሌለው አንድ ዕድል አለው፤ ክረምቱን እዚያው ይከርማል። ቱሪስቱ የሚመጣው መንገዱ ሲደርቅ፣ ከመስከረም በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ ጉሙ መሬት ሲነካና ጭቃው እግር ሲይዝ፣ የሚቀረው ገበሬውና እኛ ነን። ብዙ ወፍ ደግሞ ጎጆ የሚሠራው ሣሩ ሲያድግና ትሉ ሲበዛ ነው። በዚያ ወቅት ያየሽውን ቀን፣ ቦታና ሰዓት ጠቅሰሽ ብትጽፊ፣ ሌላ ሰው ጋ የማይገኝ መረጃ ይሆናል።

ቆይቶ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያገኝ ጓሳ፣ መንዝ ያለው ደጋማ የሣር ምድር፣ ይመስክር። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች፣ ቀይ ቀበሮ በመንጋው መሃል ገብቶ አይጥ እንደሚያድን አስተዋሉ። ብቻውን ሲያድን ከ4 ሙከራ 1 ያህል ይሳካለታል። ከጭላዳዎቹ ጋር ሲሆን ግን ከ3ቱ 2ቱ። ጭላዳዎቹ ብዙም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን የመንካት ነገር እምብዛም አይታይበትም። ይህ ለሁለት ቀን ጉብኝት መጥቶ የሚገኝ እውቀት አይደለም።

አንኮበርንም ተመልከቺ። ነገሥታት የኖሩበት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያኖች በአቅራቢያው ጣቢያ ተክለው ወፍ የሰበሰቡበት አገር ነው። እንዲያም ሆኖ በአንኮበር ስም የምትጠራውን ያቺን ቡናማ ዝንጉርጉር ትንሽ ወፍ ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አሁንም ገደል ገደሉን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

የሚከብደው ሌላ ነው። ገበሬው የመንግሥት ሰው ማስታወሻ ደብተር ይዞ ሲዞር ካየ፣ "መሬታችንን ሊወስዱ ነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ ብዙ ነገር አይቷል። የርቀት መነጽር አንገትሽ ላይ ካለ ጥርጣሬው ይብሳል፣ በዚህ ጊዜማ ለራስሽም አደጋ ነው። ስለዚህ መታወቂያሽ አይለይሽ። ለቀበሌው አስቀድመሽ ተናገሪ። ብቻሽን አትውጪ። ጸጥታው ካላስተማመነ ደግሞ ቅሪ፤ በግቢሽ አጥር ላይ ያሉት ወፎችም ይጻፋሉ። ስትወጪ መነጽሩን ለልጆቹና ለሽማግሌዎቹ ስጪያቸው፣ ይዩበት። እኔ ዘንድ በር የከፈተው ይሄ ነው። ጀማ ቆላ የማሽላ ማሳ ውስጥ በአገራችን ብቻ የሚገኝ ቆቅ አለ። የት የት እንደሚጮህ ያሳዩኝ ማሳ ጠባቂ ልጆች ናቸው።

በተለይ መንዝ ላይ አስተማሪ ሆነሽ አትግቢ። ጓሳን ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ይታጨዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ጥበቃው ግን በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ ዛሬም በማኅበረሰቡ እጅ ነው። ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብለሽ ጠይቂ።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ድንበር አብጂ። የቢሮ ሞተር ለወፍ አይወጣም። አበል የተከፈለሽ ለሥራው ነው፤ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። ሪፖርትሽ በሰዓቱ ከገባ ኃላፊሽ እሑድ የት እንደዋልሽ አይጠይቅሽም። ረዘም ላለ ጉዞ የዓመት ፈቃድሽን ተጠቀሚ።

ማስታወሻሽን በሁለት ቦታ አስቀምጪ። በህንድ የእንግሊዝ አስተዳደር ሠራተኛ የነበረው አለን ሂዩም በሥራ ጉዞው ሁሉ ወፍ ያጠና ነበር፤ በየአውራጃው ያሉ ሠራተኞችም ይጽፉለት ነበር። ለዓመታት ያዘጋጀውን ጽሑፍ ግን አንድ አሽከር እንደ ውዳቂ ወረቀት ገበያ ወስዶ ሸጠበት። ዛሬ ስልክ አለ፤ ገጹን በየማታው ፎቶ አንሺ። ያየሽውን ወፍ ኢበርድ (eBird) በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይም በነፃ መመዝገብ ትችያለሽ። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ያለበትን ቦታ ግን በፍጹም አትለጥፊ።

አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት አንዱ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው አጠገብሽ ነው የሚቀመጠው። በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ውሾች መቼ እንደሚከተቡ ጠይቂው፤ በዕቅዱ ከሌለ እንዲገባ ወትውቺ።

ስለ መነጽሩ ለጠየቅሽው፣ 8 በ42 የሚባለው፣ 8 እጥፍ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ይበቃሻል። በማለዳና በጉም ጥሩ ያሳያል። ጓንትም ያዢ፤ የጓሳ ውርጭ ጣት ያደነዝዛል።