ሁሉም ብርድ አይደለም

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ሁሉ ነገር ብርድ ነው። ወገብ ቢያም ብርድ፣ አንገት ቢገተር ብርድ፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ። ከጦሳ የሚወርደውን ነፋስ ለቀመሰ ሰው ደግሞ ነገሩ እውነት ይመስላል። እኔም በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ስሠራ ስንቱን «ብርድ ነው» ብዬ እንደሸኘሁ እሱ ይወቀው።

አንዷን ግን አልረሳትም። ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነበረች። «ጋሼ፣ ሌሊት ሌሊት እጄን እየጠዘጠዘ ይቀሰቅሰኛል» አለችኝ። «ተነስቼ ካላራገፍኩት እንቅልፍ የለም። ጣቶቼን ጉንዳን የወረራቸው ይመስለኛል።» ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ወረፋው ደግሞ እስከ በር ድረስ ነው። «አብሽሪ፣ ብርድ ነው፤ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፊው» ብዬ ሸኘኋት። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ለምትውል ሴት! የትኞቹ ጣቶችሽ ናቸው ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ከዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። በአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ሟሙቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። መርፌ ስትይዝ ይወድቅባታል። ቁልፍ መትከል አቅቷታል።

ለእናንተ፣ አሁን ሥራ ለያዛችሁት፣ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣችሁ፣ ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ ታውቁታላችሁ። እጃችሁ አንጓ ላይም እንደዚያ ያለ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው አጥንት ነው፤ ጣራው ጠንካራ ጅማት ነው። ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶች በውስጡ ያልፋሉ። ከእነሱ ጋር አንድ ነርቭ አለ። በ9 የጭነት መኪና መሃል የሚሄድ አንድ እግረኛ በሉት። የጅማቶቹ ሽፋን ሲያብጥ ወይም ሰውነት ውሃ ሲቋጥር ዋሻው አይሰፋም። የሚጨፈለቀው እግረኛው ነው። ሐኪሞች ካርፓል ተነል ሲንድሮም ይሉታል።

ይህ ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ትንሿ ጣት ሌላ ነርቭ አላት፤ እሱ በዚህ ዋሻ አያልፍም። ስለዚህ እጃችሁ ሲደነዝዝ መጀመሪያ ትንሿን ጣት ጠይቋት። እሷ ደህና ሆና ሌሎቹ ከደነዘዙ ጥርጣሬው ወደ አንጓ ይሄዳል። እሷ ራሷ ከደነዘዘች ክርንን ማየት ነው። ከአንገት ጀምሮ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ከሆነ ደግሞ ጣጣው አንገት ላይ ሊሆን ይችላል። የሁለቱን እጆቻችሁን ጀርባ አገናኙ፤ ጣቶቻችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙ። በዚያ ጊዜ ድንዛዜው ከመጣ ለሐኪም የምትነግሩት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። ባይመጣም ግን «የለብኝም» ብላችሁ አትተዉት።

ድንገት አንድ ጎን ከደከመ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተያዘ ግን ይህ ሁሉ ፍተሻ ይቅር። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

ወጣቶች ሁልጊዜ «ስልክ ነው አይደል?» ይሉኛል። እናቶቻችሁ ስልካችሁን እንዲጠሉት ምክንያት ባቀብላቸው ደስ ባለኝ። ነገር ግን በስልክና በኪቦርድ ላይ ያለው ማስረጃ እስከዚህም ነው። ይበልጥ የታወቀው አጥብቆ ጨብጦ እጅን ደጋግሞ ማጠፍና የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ይዞ መዋል ነው። ግራይንደርና ድሪል የምትይዙ ልጆች፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። ሥራ ብቻም አይደለም። ስኳር፣ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የመገጣጠሚያ ብግነትና ውፍረት ያመጡታል። ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ ይይዛል። ነፍሰ ጡር ላይም ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ከወለደች በኋላ ይለቃታል። ስለዚህ ሐኪሙ ለምርመራ ደም ስጡ ቢላችሁ «የሚያመኝ እጄ ነው» ብላችሁ አትከራከሩ።

ሕክምናው ሲጀመር ቀላል ነው። ብዙዎቻችን አንጓችንን አጥፈን ነው የምንተኛው፤ ሲታጠፍ ደግሞ ዋሻው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ማታ ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስራችሁ ተኙ። ቢያንስ ለ6 ሳምንት። ሦስት ሌሊት አስሮ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚመለስ ሰው ያናድደኛል። ደግሞም አታጥብቁት፤ ጣት እስኪያብጥ ማሰር ሌላ በሽታ ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ አንጓን በጉልበት ማሳሸት የተጨነቀውን ነርቭ ይብስ ያስጨንቀዋል። የቢ ቫይታሚን መርፌም እጥረት ከሌለባችሁ ዋሻውን አያሰፋላችሁም። ገንዘባችሁን ያዙ።

በድጋፉ ካልተሻላችሁ ሐኪም አንጓ ላይ የስቴሮይድ መርፌ ሊሰጥ ይችላል። ለብዙዎች ለወራት ያስታግሳል፤ ሊመለስም ይችላል። ድንዛዜው ቀን ከሌሊት ከሆነ ወይም አውራ ጣት ከደከመ ግን ጊዜ አታባክኑ። ያኔ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ እጅን ብቻ አደንዝዞ ያንን የጅማት ጣራ መቁረጥ ነው። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። የሌሊቱ ጥዝጠዛ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይቀራል፤ የመጨበጥ አቅም ግን ወራት ይፈልጋል። የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። የሟሟ ሥጋ ደግሞ ሁልጊዜ አይመለስም።

ያቺ ሴት በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች። በቀደም ፒያሳ አገኘኋት። ሌሊት እንደምትተኛ፣ ሥራዋንም እንዳልተወች ነገረችኝ። ቁልፍ የምትተክለው ግን ልጇ ናት። ስንሰነባበት ቀኝ እጇን ሰጠችኝ፤ እኔም ሳላስበው የአውራ ጣቷን ሥር በጣቴ ዳበስኩ። አሁንም ጠፍጣፋ ነው።