በላም ግሳት የተነሣ ሙያ አይቀየርም

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነሽ፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። በክፍል ውስጥ ከብት ስለሚያገሳው ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ስለ ሚቴን፣ ገለጻ ካቀረብሽ ወዲህ አንድ ጓደኛሽ «ዓለምን የምታቃጥሉት እናንተ ናችሁ» እያለ ያሾፍብሻል። ደሴ ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላቸው አጎትሽ ትምህርቱን አቋርጠሽ በማታ የሂሳብ አያያዝ እንድትማሪ ይፈልጋሉ፤ ክፍያውንም እችላለሁ ብለዋል። አንቺ ደግሞ ወደ አካባቢ ሳይንስ ለመዛወር እያሰብሽ ነው። አባትሽ ቃሉ ወረዳ ውስጥ 11 ከብት አላቸው፤ የሚታለቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር እንደ ዋዛ በቅንፍ ነው ያስገባሻት። እኔን ያቆመችኝ ግን እሷ ናት።

ጓደኛሽ የተናገረው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ላም ስታመሰኳ በጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ጭዱን ያብላላሉ፤ ከዚያ የሚወጣውን ሃይድሮጅን ሌሎቹ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሚቴን ያደርጉታል፤ ላሟም አብዛኛውን በአፍና በአፍንጫዋ ታገሳዋለች። በ20 ዓመት ስሌት ሚቴን ክብደቱን ከሚያክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ሙቀት ያምቃል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ራሱ፣ በ2010 ከተለቀቀው 150 ሚሊዮን ቶን የሙቀት አማቂ ጋዝ 65 ሚሊዮኑን ለእንስሳት ሀብት ሰጥቶታል። ይህን የምነግርሽ እንድታፍሪበት አይደለም። ለአንቺ ሥራ ነው።

ምክንያቱም ያ ግሳት የባከነ መኖ ነው። ከብት ከሚበላው ኃይል ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በሚቴን መልክ ይወጣል፤ መኖው ድርቅ ያለ ጭድና አገዳ ሲሆን ብክነቱ ይብሳል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን የስሌት መመሪያ ተመልከቺ። የአፍሪካ የወተት ላም በዓመት 46 ኪሎ ግራም ሚቴን ታወጣለች፤ ወተቷ 475 ኪሎ ግራም ነው። የሰሜን አሜሪካዋ ከ120 ኪሎ ግራም በላይ ታወጣለች፤ ወተቷ ግን 8,400 ነው። አካፍይው። የእኛዋ ለአንድ ኪሎ ወተት የምታወጣው ከዚያችኛዋ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ጓደኛሽ ሲያሾፍ ይህን ስሌት አሳዪውና መልሱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቂው። ከመኖ፣ ከጤናና ከዝርያ ነው የሚመጣው፤ ሦስቱም የአንቺ ትምህርት ናቸው።

እኔ ከተመረቅኩ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በደቡብ ወሎ ገጠር የመኖ ባለሙያ ነበርኩ። ደረቅ ጭድ ለከብት እንዲስማማ በዩሪያ ማዳበሪያ ማከም ያኔ ዋና ሥራችን ነበር፦ ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ይሟሟል፣ ጉድጓድ ውስጥ እየተረጨ ይረገጣል፣ በላስቲክ ታፍኖ 21 ቀን ይቆያል። የመጀመሪያውን ጉድጓድ በ14ኛው ቀን አስከፈትኩት። ተቻኩዬ ነበር፤ ጭዱ ገና አልበሰለም፣ ገበሬው ፊት አፈርኩ። ሁለተኛው ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅስ ነበር። የቤቱ እመቤት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው «ይህን የምትበላ ላም ካለች እኔም እበላለሁ» አሉ። አንድ ቀን በጥላ ተነፈሰ፣ ጥቂት ፉርሽካ ተደረገበት። በሦስተኛው ቀን ላሟ ገንዳውን ስትልስ አገኘናት። እመቤቲቱ ቃላቸውን አልጠበቁም።

አሁን ብዙ ባለሙያ የሚያልፈውን ልንገርሽ። በደንብ የበላች ላም በቀን የምታወጣው ሚቴን ሊጨምርም ይችላል፤ የምትበላው በዝቷልና። ትርፉ የሚገኘው ያንኑ ወተት በጥቂት ላም ማግኘት ሲቻል ነው። አባትሽ ሁለቱን በደንብ ቀልበው ዘጠኙንም እንደነበሩ ካቆዩ ለአየሩም ለኪሳቸውም የተረፈ ነገር የለም።

«ከብት መሸጥ ቤት ማፍረስ ነው» ይላሉ ብለሻል። አባትሽን አከብራለሁ፤ ባንክ በሌለበት ቀበሌ ባንኩ ከብት መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ሁለቱ ይታለባሉ፣ ሁለቱ ጥማድ በሬዎች ናቸው እንበል፤ የቀሩት ሰባቱ ምን ይሠራሉ? የሁለቱን ላሞች ጭድ ይበላሉ። ድርቅ በመጣ ጊዜ የከሳ ከብት ገበያ ወጥቶ ገዢ እንደማያገኝ ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። ይህን ንግግር ከአባትሽ ጋር ማድረግ ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ሲያደምጡሽም የመጀመሪያው የሙያ ፈተናሽን አለፍሽ ማለት ነው። ሰባቱንም በአንድ ቀን ይሽጡ አትበያቸው። ከሦስት ዓመት በላይ ያልወለደችው የትኛዋ ናት ብለሽ ጀምሪ።

የአጎትሽን ነገር በአጭሩ፦ የማታ ትምህርት ይከፍላሉ፣ ቀኑን ሱቅ ትውያለሽ። ደመወዝ ጠቅሰዋል? አልጠቀሱም። እንግዲህ ይህ ስጦታ ሳይሆን ቅጥር ነው፤ ያውም ሦስት ዓመት የለፋሽበትን ትምህርት ጥለሽ። በአክብሮት እምቢ በያቸው።

አካባቢ ሳይንስ መልካም ትምህርት ነው። ሚቴኑ ግን ከላሟ አፍ ነው የሚወጣው፤ ከገንዳው አጠገብ የሚቆመውም የመኖ ባለሙያ ነው።

ሥራ የት አለ ላልሽው ከቤትሽ ደጃፍ ጀምሪ። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ አለ፣ የጠመቃ ተረፈ ምርቱ መኖ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎም (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ) አለ። ደሴና ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ወተት የሚያመርቱና ከብት የሚያደልቡ ሰዎች እነዚህን ይገዛሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚቀላቅሉት በግምት ነው። የመመረቂያ ጥናትሽን እዚያ አድርጊው። ጋዝ የሚለካ መሣሪያ ባይኖርሽም የበላችውን በሚዛን፣ የታለበውን በሊትር መዝግቢ፤ ከዚያ ሚቴኑን በቀመር መገመት ይቻላል። ስትመረቂ መኖ ማቀነባበሪያ ወይም የወተት ማኅበር ውስጥ ግቢ። የመጀመሪያው ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ሁለት ዓመት ከአክስትሽ ቤት አትውጪ። ሁለተኛ ዲግሪና የውጭ ስኮላርሺፕ በረት ከረገጥሽ በኋላ ይደረስባቸዋል።

ውጤትሽ 2.9 መሆኑ አያስጨንቅሽ። እንግሊዝኛሽን ግን አሻሽዪው፤ የመኖ ቀመሩ ሁሉ የተጻፈው በእሱ ነው።

ለዓረፋ አገር ቤት ስትሄጂ የ11ዱን ከብቶች ዝርዝር ጽፈሽ ላኪልኝ፦ ዕድሜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የወለዱበት ወር፣ በቀን የሚታለበው። ጭዱ የት እንደሚከመርም ጨምሪበት። ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ ከዩሪያውም ከሽያጩም በፊት እሱ ነው የሚስተካከለው።